ቢጫ ቅጠልና የረገፈ እንቡጥ፦ አዘዞ ስላሉት ሁለት ካሜሊያዎች

የቀረበው ጥያቄ፦ «የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። እኅቴ ከአዲስ አበባ ሁለት የካሜሊያ ችግኞች አምጥታልኝ ነበር። አንዱን አምና በሰኔ ከአዲሱ የግቢ አጥር ሥር ተከልሁት፤ ሁለተኛውን በአበባ ማሰሮ አድርጌ በረንዳ ላይ አስቀመጥሁት። መሬት ላይ ያለው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ቀርተዋል፤ ጠርዙም እንደ ተቃጠለ ሆኗል። የበረት ፍግና የምድጃ አመድ ብጨምርለት ባሰበት። የማሰሮው ግን ብዙ እንቡጥ ይዞ ነበር፤ ለጥምቀት የሚመጡ እንግዶች ይዩት ብዬ ሳሎን ባስገባው በሳምንቱ እንቡጡ አንድ በአንድ ረገፈ። ምን ላድርግ? ቅርንጫፍ ቆርጬስ ለእኅቴ ማባዛት እችላለሁ? ደግሞ የሻይ ቅጠል ዘመድ ነው የሚሉኝ እውነት ነው?»

ምላሽ፦

ሁለቱ ተክሎችዎ ያሳዩት ምልክት ቢለያይም ችግሩ የተነሣው ከአንድ ቦታ ነው፤ ሁለቱም የተጎዱት በሥሮቻቸው በኩል ነው። ካሜሊያ ሥሩን ወደ ጥልቅ የማይሰድ፣ በላይኛው የአፈር ንጣፍ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮችን ዘርግቶ የሚኖር ቁጥቋጦ ነው። እንዲህ ያለው ሥር የላይኛው አፈር ሲደርቅ ከሁሉ ቀድሞ ይደርቃል፤ ውኃ ሲተኛበት ቀድሞ ይታፈናል፤ አመድ ሲነሰነስበትም ቀድሞ የሚቃጠለው እርሱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ስለ ቅጠል ወይም ስለ አበባ ቢመስልም፣ በእርግጥ የሚናገረው ከመሬት በታች ስላለው አንድ ክንድ የማይሞላ ንጣፍ ነው።

አስቀድሜ ተክሉ ከየት እንደ መጣ ላስታውስ፤ ምክሩ ከዚያ ይመነጫልና። በአትክልት ቦታ በብዛት የሚተከለው ካሜሊያ የትውልድ አገሩ ጃፓን፣ ኮሪያና ቻይና ሲሆን፣ በዚያ የሚኖረው ከትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ የረገፈ ቅጠል ለብዙ ዘመን በበሰበሰበትና አሲድነት ባለው ልል አፈር ላይ ነው። ዝናቡን የሚያገኘው በሞቃቱ ወራት ነው፤ በዚህ ረገድ የእኛ ክረምት አይከፋውም። ቁመቷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ የሆነችው ጎንደርም በሙቀት በኩል የምታስቸግረው ከተማ አይደለችም። ልዩነቱ የሚጀምረው ከመስቀል በኋላ ነው። በአገሩ ብርዱ ሲመጣ አየሩና አፈሩ እርጥብ እንደ ሆኑ ይቆያሉ፤ በእኛ ዘንድ ግን ሰማዩ ከጥቅምት ጀምሮ ይዘጋል፣ ፀሐዩ ይጸናል፣ ነፋሱም እስከ ግንቦት ድረስ እየደረቀ ይሄዳል። ካሜሊያን በጎንደር ማሳደግ ማለት እንግዲህ እነዚህን ስምንት ደረቅ ወራት በእርጥበትና በጥላ ማሻገር፣ በተቀሩት አራት ወራት ደግሞ ሥሩ ውኃ ውስጥ እንዳይዋኝ መጠበቅ ነው።

አሁን አጥሩ ሥር ወዳለው ልምጣ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሲቀር፣ በተለይም ይህ የሚታየው በአዲሶቹ የጫፍ ቅጠሎች ላይ ከሆነ፣ ተክሉ ብረት የሚባለውን ንጥረ ነገር እያገኘ አይደለም ማለት ነው። ቢጫው የሚጀምረው ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር፤ የናይትሮጅን እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ተክሉ ሁለት ሦስት ዓመት ያገለገለ ቅጠሉን በወጉ እያራገፈ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሚያሳስብ አይደለም። የእርስዎ ገለጻ ግን ወደ ብረቱ ያመለክታል። ይህ ማለት በአፈሩ ውስጥ ብረት የለም ማለት አይደለም፤ በአካባቢያችን አፈር ብረት ሞልቷል። ነገር ግን አፈሩ አሲድነቱን ሲያጣ ብረቱ በውኃ የማይሟሟ ይሆንና ሥሩ በአጠገቡ እያለ ሊቀበለው አይችልም። ካሜሊያ የሚስማማው የአፈር ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 እስከ 6.5 ያለው ነው፤ ከ7 ካለፈ መንጣቱና መጫጨቱ አይቀርም።

ታዲያ አሲድነቱን ምን አጠፋው ካሉኝ፣ በጥያቄዎ ውስጥ ብቻ ሦስት ምክንያቶች አነባለሁ። አንደኛው አጥሩ ነው። አዲስ ግንብ ሲሠራ የሚፈሰው የሲሚንቶና የኖራ ፍርፋሪ ከግርጌው ይቀበራል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥርም ከግድግዳው ታጥቦ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ይህ በአዲስ አጥር ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ በጎንደር አሮጌ ሰፈሮች ነገሥታቱ ሲያሠሩበት የኖሩት የኖራ ግንብ ፍርስራሽ ዛሬም በየግቢው አፈር ውስጥ ይገኛልና፣ በዚያ አካባቢ ያላችሁ አንባቢዎችም አፈራችሁን ሳትመረምሩ አትትከሉ። ሁለተኛው አመዱ ነው። አመድ ለጎመን ወይም ለሽንኩርት መደብ ሊጠቅም ይችላል፤ ለካሜሊያ ግን ኖራ እንደ መነስነስ ነው። በየጊዜው የግብርና ባለሙያዎች አሲዳማ ማሳን በኖራ አክሙ ሲሉ ስለምንሰማ አሲድ ሁሉ ጠላት ይመስለናል፤ ይህ ተክል ግን ገበሬው የሚሸሸውን አፈር ፈልጎ የሚኖር ነው። ሦስተኛው የቧንቧው ውኃ ሊሆን ይችላል። ውኃው ካልሲየም የበዛበት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ላብራቶሪ አያስፈልግዎትም፤ ሻይ የሚያፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን ይመልከቱ። ነጭ ቅርፊት ከያዘ፣ ያው ቅርፊት በየቀኑ በሚያጠጡት አፈር ውስጥም እየተጠራቀመ ነው።

የአፈሩን ነገር በእርግጠኝነት ለማወቅ ከአጥሩ ሥር አንድ እፍኝ ደረቅ አፈር ወስደው ኮምጣጤ ያፍስሱበት። ቢንተከተክና አረፋ ቢያወጣ ኖራ አለበት፤ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ቦታው ለካሜሊያ እንደማይሆን ይወቁ። አረፋ አለማውጣቱ ግን ብቻውን ነጻ አያወጣውም፤ ያን ጊዜ የፒኤች መለኪያ ወረቀት ወይም የአፈር ምርመራ ያስፈልጋል።

የቅጠሉ ጠርዝ መቃጠል ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ካልበሰበሰ ፍግ በሚወጣ ጨው፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግንቡን አግሎ ሙቀቱን ወደ ተክሉ በሚመልስበት ጊዜ ነው፤ በእርስዎ ዘንድ ሁለቱም ሳይተባበሩ አልቀሩም። ከእነዚህ ሌላ አዘዞ በመሆንዎ የምጠረጥረው አንድ ነገር አለ። ከአዘዞ እስከ ጠዳ ባለው ሜዳ ላይ ጥቁሩ ዋልካ ብዙ ነው። ዋልካ በክረምት አብጦ ውኃ አላሳልፍ ይላል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ቀጫጭን ሥሮችን ይበጣጥሳል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሰፊ ጉድጓድ ቆፍሮ በጥሩ አፈር ይሞላና በዚያ ይተክላል፤ ሐሳቡ መልካም ነው፣ ውጤቱ ግን የከፋ ነው። ከዙሪያው ውኃ የማያሳልፍ ጭቃ፣ ከመሐሉ ውኃ የሚጠጣ ልል አፈር ካደረጉ በግቢዎ ውስጥ ትንሽ የፋሲል መዋኛ ሠሩ ማለት ነው፤ የክረምቱ ውኃ ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰብና ሥሩ ይበሰብሳል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሥር አበስባሽ ሻጋታ አንዴ ከገባ መድኃኒት የለውም ብለው ቢያስቡ ይሻላል። ለማረጋገጥ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ቆፍረው በውኃ ይሙሉት፤ ውኃው ከሰጠመ በኋላ እንደገና ይሙሉት። ሁለተኛው ውኃ እስከ ማግሥቱ ከቆየ መሬቱ አይሆንም።

ስለዚህ ውሳኔዬ ግልጽ ነው፤ ያን ተክል ከአጥሩ ሥር ያንሡት። ብረት ያለበት ማዳበሪያ እየረጩ እዚያው ማቆየት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን በየጥቂት ወሩ የሚደገም ወጪ ነው፤ ኖራውም ከቦታው አይነቃነቅም። (የዛገ ሚስማር ከሥሩ ይቀበር የሚል ምክር ከጎረቤት ሳይደርስዎት አይቀርም፤ ዝገት አሲድ በሌለው አፈር ውስጥ አይሟሟምና ሚስማሩን ለአናጺ ይተውለት።) ጊዜውም አሁን ይመቻል። በጥር ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ተክሉም አዲስ ቀንበጥ ማውጣት አልጀመረም። መጋቢት ከገባ በኋላ ግን ሙቀቱና ደረቁ ነፋስ ስለሚበረቱ፣ የተነቀለ ሥር ቅጠሉን ማጠጣት ይሳነዋል።

ከሚያነሡት አንድ ቀን በፊት መሬቱን በደንብ ያርሱት። ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው ዙሪያውን ይቁረጡና ከሥሩ ሥር በአካፋ ገብተው ከነአፈሩ ያውጡት፤ በግንዱ ይዘው አይጎትቱት። አመድ የነካውን የላይኛውን አፈር በጣትዎ ቀስ አድርገው ያራግፉለት። ከሥሩ ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ በጣት ሲነካ የሚላጥ ካለ ይቁረጡት፤ ጤነኛው ሥር ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለውና ጠንከር ያለ ነው። ቅርንጫፉንም አንድ ሦስተኛ ያህል ያሳጥሩ፤ በመነቀል የጎደለውን ሥር የሚያመጣጥነው ይህ ነውና። ከዚያ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው፣ ከታቹ በሚገባ በተበሳ ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጡት። ይስፋፋ ብለው በጣም ትልቅ ውስጥ አይክተቱት፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውኃ ይዞ ይኮመጥጣል።

ለማሰሮው የምመክረው አፈር ሁለት እጅ በደንብ የበሰበሰ የቅጠል ብስባሽ፣ አንድ እጅ ከኮረብታማው ወገን የተወሰደ ቀይ አፈርና አንድ እጅ ጠርጠር ያለ የወንዝ አሸዋ ነው። አሸዋውንም በኮምጣጤ ይፈትኑት። ብስባሹ ከወይራ፣ ከዋንዛ ወይም ከፈረንጅ ጥድ ሥር ሊገኝ ይችላል፤ በከተማችን ጥላና ብስባሽ ያለው በአብዛኛው በየአድባራቱ ቅጥር ግቢ ስለሆነ፣ ከዚያ ለመውሰድ የሚያስቡ ሁሉ አስፈቅደው፣ ጥቂት ብቻ ይውሰዱ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አይግባ፤ ሌሎች ተክሎችን የሚያቀጭጭ ነገር አለው። የዶሮ ኩስም አይግባ፤ ጨውና ካልሲየም ይበዛበታል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ስሕተት ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፤ እርሱም ጥልቅ አድርጎ መትከል ነው። ተክሉ ከመነሣቱ በፊት የነበረው የአፈር ልክ በግንዱ ላይ ይታያል፤ አዲሱ አፈር ከዚያ በላይ እንዳይወጣ፣ ይልቁንም ሥሩ የታቀፈው አፈር ከዙሪያው አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ያድርጉ። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ነፋስ እንዳይጥለው ብዬ ግንዱን አንድ ስንዝር ቀብሬ ያማረ ካሜሊያ ገድያለሁ። ለመሞት ሁለት ዓመት ፈጀበት፤ እኔም ሁለቱን ዓመት ሙሉ ስለ ማዳበሪያ ስጨነቅ ነበር።

የተነሣው ተክል እስከ ሰኔ ድረስ በሰሌን ወይም በሸንበቆ ጥላ ሥር ይቆይ፤ ለሁለት ወር ያህል ማዳበሪያ የሚባል ነገር አይንካው። ሰኔ ሲጋመስ መሬት ላይ ሊመልሱት ከፈለጉ ከዋልካው በላይ መደብ ያንሡለት፤ ቁመቱ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ቢያንስ 1 ሜትር ይሁን። ዙሪያውን በድንጋይ ይክቡት፤ ነገር ግን ድንጋዩን በሲሚንቶ አያያይዙ፤ አለዚያ ከሸሹት አጥር ጋር እንደገና ሊገናኙ ነው። ፍየል ወይም በግ በግቢው የሚለቀቅ ከሆነ ደግሞ መደቡን ማጠርዎን አይርሱ።

ቦታውን ሲመርጡ የጠዋት ፀሐይ እስከ ረፋድ የሚያገኝ፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ ወይም ዛፍ የሚያጠላበት ይሁን። በውጭ አገር የተጻፉ የአትክልት መጻሕፍት ካሜሊያን ወደ ምሥራቅ አትትከሉ ይላሉ፤ ምክንያታቸው በሌሊት ውርጭ የያዘው እንቡጥ ማለዳ ፀሐይ በድንገት ሲመታው ይበላሻል የሚል ነው። ለደባርቅ ሰው ይህን ምክር እደግመዋለሁ፤ ለአዘዞ ግን ምሥራቁ ከሁሉ የተሻለው አቅጣጫ ነው። ጥላም ሲባል ጨለማ ማለት አይደለም። በዘጌ ቡናው ከትላልቅ ዛፎች ሥር እንዴት እንደሚበቅል ያየ ሰው የምለውን ብርሃን ያውቀዋል፤ በቅጠል ተንጠፍጥፎ የሚወርድ፣ መሬቱ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ የሚታይ ብርሃን ነው። ፈጽሞ ፀሐይ በማያገኝ ቦታ ቅጠሉ ያምራል፣ እንቡጥ ግን አይዝም።

ወደ ሁለተኛው፣ ወደ በረንዳው እንሻገር። የካሜሊያ አበባ የአንድ ሳምንት ሥራ አይደለም። አዲሱ ቀንበጥ ወጥቶ ከጠነከረ በኋላ እንቡጡ በጫፉ ላይ ይቋጠራል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ለወራት ይፋፋል፤ የሚፈነዳው ቀዝቀዝ ሲል ነው። በእኛ አቆጣጠር ቢሰላ እንቡጡ የሚቋጠረው በክረምት ውኃ ሞልቶ ሳለ ነው፤ የሚፋፋውም ልክ ዝናቡ በሚቆምበት በጥቅምትና በኅዳር ነው። አደጋው ያለው በዚህ መገናኛ ላይ ነው። ሰው በመስከረም መጨረሻ መሬቱ ገና እርጥብ ነው ብሎ ማጠጣት አይጀምርም፤ በማሰሮ ውስጥ ያለ አፈር ግን መሬቱ ከመድረቁ ሳምንታት ቀድሞ ይደርቃል። ተክሉ ወፍራም ቅጠል ስላለው ጥማቱን ቶሎ በመጠውለግ አያሳይም፤ እንቡጡን ከእንጨቱ ጋር ያያዘችው አንጓ ግን ያኔ ትደርቃለች። የሚረግፈው ከወር ወይም ከሁለት ወር በኋላ ስለሆነ ባለቤቱ ጥፋቱን በቅርብ ባደረገው ነገር ላይ ይጥላል።

እርስዎም ጥፋቱን ሳሎኑ ላይ ጥለዋል፤ ግማሹ እውነት ነው። እንቡጥ የያዘ ካሜሊያ ቦታ መለወጥ አይወድም፤ ከቀዝቃዛ በረንዳ ወደ ሞቀ፣ አየሩ ወደ ደረቀ፣ ብርሃኑም ወደ ጎደለ ክፍል ሲገባ፣ ይልቁንም ለጥምቀት ቤቱ በሰው ተሞልቶ ቡናው ከማለዳ እስከ ማታ ሲፈላ፣ እንቡጡን ቢያራግፍ አያስደንቅም። ሌላው ግማሽ ግን ከኅዳር በፊት የተጀመረ ይመስለኛል። የረገፉትን እንቡጦች ካልጣሏቸው አንዱን በቢላ ከፍለው ይዩት፤ ውስጡ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሳሎን ከመግባቱ በፊት ሞቶ ነበር፤ ውስጡ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ጥፋተኛው ሳሎኑ ነው።

ማጠጣቱ እንዴት ይሁን? በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው፤ ላዩን አርሶ ታቹን ደረቅ ይተወዋልና። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማዎት ይተዉት፤ ካልተሰማዎት ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ ያጠጡ፤ የወጣውንም ውኃ ከሥሩ ባለው ሳሕን አያቆዩት። በ40 ሳንቲ ሜትር ማሰሮ በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ሊትር ያህል ቢያጠጡ ይበቃል ብለው ይጀምሩና ጣትዎ በሚነግርዎት ያስተካክሉ።

ከሁሉ የተሻለው ውኃ ግን ከቆርቆሮ ጣራዎ የሚወርደው ነው፤ የዝናብ ውኃ ካልሲየም የለውምና። ሒሳቡም ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይገኛል፤ እንግዲህ 40 ካሬ ሜትር ጣራ በአንድ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,000 ሊትር ያወርዳል። በሌላ በኩል አንድ ማሰሮ በሳምንት 8 ሊትር ቢጠጣ በ34 የበጋ ሳምንታት 272 ሊትር፣ ሁለቱ 544 ሊትር ይፈልጋሉ። ባለ 1,000 ሊትር አንድ ሮቶ በነሐሴ ሞልተው ክዳኑን ቢዘጉ እስከ ሰኔ ያደርሳል፤ የቧንቧ ውኃ ተራ በሚጠበቅበት ሰሞንም ከማንም ጋር አያሻማዎትም። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ግን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርዱ ሳይቀበሉ ያሳልፏቸው።

በማሰሮውም ሆነ በመደቡ ላይ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቅጠል ወይም የጤፍ ጭድ ያልብሱ፤ ግንዱን ግን እንዳይነካው በዙሪያው እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ። ጭዱ ከላይ ይነጠፍ እንጂ ከአፈሩ ጋር አይቀላቀል፤ ከተቀላቀለ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከተክሉ ይሻማል። የቡና አተላ ለካሜሊያ ጥሩ ነው ሲባል ይሰማል። ተፈልቶ የተጠናቀቀ አተላ እንደሚወራለት አሲድ የበዛበት አይደለም፤ በቀጭኑ ቢበተን አይጎዳም፣ ተቆልሎ ከተተወ ግን ደርቆ ውኃ የማያሳልፍ ቅርፊት ይሠራል። አሲዱን ለመመለስ የሚጠቅመው ከገበያ የሚገኘው ድኝ ነው። ዱቄቱ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ በእርጥበትና በሙቀት በጥቃቅን ተሕዋስያን አማካይነት ወደ አሲድ ስለሚለወጥ ውጤቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ስለዚህ በትንሽ መጠን፣ በሰኔ መጀመሪያ፣ ፒኤቹን እየለኩ እንጂ አልሠራም ብለው በላይ በላይ እየጨመሩ አይሁን።

ማዳበሪያን በተመለከተ ካሜሊያ ጥቂት በልቶ የሚያድር ተክል ነው። አበባው ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ፣ በሰኔ አንድ ጊዜ ይበቃዋል፤ ከነሐሴ በኋላ አይስጡ። አሞኒየም ሰልፌት ከተገኘ አፈሩንም ስለሚያኮመጥጥ እርሱ ይመረጣል፤ ካልተገኘ አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በ10 ሊትር ውኃ በጥብጠው አስቀድሞ በራሰ አፈር ላይ ማፍሰስ ይቻላል። በደረቅ አፈር ላይ ደረቅ ዩሪያ መበተን ያንኑ የተቃጠለ ጠርዝ እንደገና መጥራት ነው።

ስለ ተባይ ብዙ አልጽፍም፤ ግን ቅጠሉን ገልብጠው የማየት ልማድ ይኑርዎት። በጀርባው ላይ እንደ ቅርፊት የተለጠፉ ጥቃቅን ነገሮች ካዩ ነፍሳት ናቸው፤ ክሽክሽም በለጋው ቀንበጥ ላይ ይሰፍራል። ሁለቱም የሚያንጠባጥቡት ጣፋጭ ፈሳሽ በላዩ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል፤ ጉንዳን በግንዱ ላይ መመላለሱም ምልክታቸው ነው። በጨርቅና በለስላሳ ሳሙና ውኃ ማበስ፣ ማታ ላይ ማድረግ፣ በማግሥቱ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይበቃል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን አይጠቀሙ።

መግረዝን የሚመለከተው አንድ ነገር ጊዜው ነው፤ አበባው እንዳለቀ፣ አዲሱ ቀንበጥ ሳይወጣ ይገረዛል። በክረምት የገረዘ ሰው የሚቆርጠው የመጪውን ዓመት አበባ ነው። ድቡልቡልና ወፍራሙ የአበባ እንቡጥ፣ ቀጭንና ሹሉ የቅጠል እንቡጥ መሆኑን ከለዩ በኋላ በአንድ ጫፍ ሦስት አራት የአበባ እንቡጥ ቢያገኙ አንዱን ወይም ሁለቱን አስቀርተው የቀሩትን ጠምዝዘው ያንሡ፤ የቀረው ተልቆ ይፈነዳል።

ዘመዱ ሻይ ነው የተባሉት እውነት ነው፤ እንዲያውም ከዘመድም አልፎ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። የምንጠጣው ሻይ ካሜሊያ ሲነንሲስ፣ የእርስዎ አበባ በአብዛኛው ካሜሊያ ጃፖኒካ ይባላል። ቅጠሉ ትንንሽ፣ አበባውም አነስ ያለና ሲረግፍ ቅጠል በቅጠል የሚበተን ከሆነ ግን ሳሳንኳ የተባለው ነው፤ ጃፖኒካ አበባውን በአብዛኛው በሙሉው ይጥላል። ሳሳንኳ ከሆነ ደስ ይበልዎ፤ ፀሐይን የበለጠ ይችላል። ስሙ የተወሰደው በፊሊፒንስ ዕፀዋትን ሲያጠና ከኖረውና በ1706 እ.ኤ.አ. ከሞተው ጌኦርግ ዮሴፍ ካሜል ከተባለ ኢየሱሳዊ የካቶሊክ ሚስዮናዊ ነው፤ ስሙን ለተክሉ የሰጠው ስዊድናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሊኔዎስ ነው። የአገራችን ሻይ የሚለማው በደቡብ ምዕራብ፣ ቦንጋ አጠገብ ባለው ውሽውሽና ጎሬ አካባቢ ባለው ጉማሮ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም፤ ቀይ አሲዳማ አፈርና ለረጅም ወራት የሚዘልቅ ዝናብ ያለው በዚያ ነው፤ እርስዎም በማሰሮዎ ውስጥ የሚሠሩት ያን አፈርና ያን እርጥበት ነው። የአበባውን ቅጠል ግን አፍልተው አይጠጡ፤ የሻይ ጣዕም የለውም፣ በችግኝ ጣቢያም ምን መድኃኒት እንደ ተረጨበት አይታወቅም።

ለእኅትዎ ማባዛቱ ይቻላል፤ ከታመመው ሳይሆን ከበረንዳው ይቁረጡ፤ ዘንድሮ በጥር ሳይሆን በነሐሴ መጨረሻ፣ የዓመቱ ቀንበጥ ከአረንጓዴነት ወደ ቡናማነት መለወጥ ሲጀምር። ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጫፍ ከቅጠል አንጓ በታች ይቁረጡ፤ ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ አስቀርተው እነርሱንም ለግማሽ ይቀንሷቸው። አሸዋና ብስባሽ እኩል በተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ እስከ ግማሹ ይትከሉና ግልጽ ፌስታል ሸፍነው ፀሐይ በማይመታው ቦታ ያስቀምጡ፤ ፌስታሉን በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ለአየር ይክፈቱት። ሥር ለመያዝ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ወር ይፈጃል፤ ያዘ አልያዘ ብለው እየነቀሉ አይዩት፤ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ራሱ ይነግርዎታል። ሁሉም ስለማይይዝ ለአንድ ችግኝ አምስት ይቁረጡ፤ የተረፈውን ለጎረቤት መስጠት ይቻላል። በዘር የሚበቅለው አበባ ለማየት ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፤ እናቱንም ላይመስል ይችላል። የእናትየውን ማሰሮ ደግሞ ለመጪው ጥምቀት ካለችበት በረንዳ አያንቀሳቅሷት፤ እንግዶቹ ቡናቸውን እዚያው በረንዳ ላይ ይጠጡ።